ዝናቡ የዘለለው ፊት

«እትዬ እታገኝ፣ ዝናቡ ልብሳቸውን ሁሉ አርሶ ፊታቸውን ለምን ዘለለው?»

ኢንስፔክተር አትጠገብ ይህን ስትጠይቀኝ መምህር ዳምጠው ከእርከኑ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ነበር። ኮታቸው፣ ሱሪያቸው፣ ካልሲያቸው ሳይቀር ውሃ ያንጠባጥባል። ፊታቸው ግን ደረቅ ነው። ከጆሮ ግንዳቸው በላይ የወጣው ደም እንኳ አልታጠበም፤ ረግቶ ጠቁሯል።

መልሱን አውቀው ነበር። መልሱ ተጣጥፎ ደረቴ ውስጥ፣ ከሹራቤ ሥር ተወሽቆ ነበር። 

«እኔ ምኑን አውቄ» አልኳት።

አልተቆጣችም። ተንበርክካ እጇን ከሬሳው ወገብ ሥር አስገባችና ትንሽ አፈር ቆንጥራ በጣቶቿ መካከል ፈተለችው።

«ደረቅ ነው» አለች ለራሷ። «ዝናቡ ስንት ሰዓት ጀመረ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ» አለ አማኑ። አማኑ እዚያው የሚኖር ገበሬ ነው፤ የትክል ድንጋዮቹም ጠባቂ ነው። «ዘጠኝ ሊሆን ሲል አባራ።»

«እንግዲህ እሳቸው የወደቁት ከዝናቡ በፊት ነው። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ አንድ ነገር ፊታቸውን ሸፍኖ ነበር። ያ ነገር አሁን የለም።» ቀና ብላ አየችኝ። «መጀመሪያ ያገኟቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ዝናቡ ሲያባራ ጋቢያቸውን ላደርስላቸው መጥቼ።»

«ምንም አልነኩም?»

«ምንም።»

እንዲህ ብዬ ዋሸኋት። ለምን እንደዋሸሁ እንዲገባችሁ ቀኑን ከጠዋቱ ልጀምር።

ልጄ ቤቴል አስጎብኚ ናት። እንግዳ ሲመጣ ከዲላ ይዛ ትወጣለች፤ ትክል ድንጋዮቹን፣ በእንሰትና በቡና የተሸፈነውን ዳገት፣ የጌዴኦ ሽማግሌዎች በትልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጉዳይ የሚፈቱበትን ሶንጎ ታሳያለች። የምሳው ሥራ የኔ ነው። በዚያ ዓርብ፣ መጋቢት ወር ላይ፣ ጉብኝቱ ለየት ያለ ነበር። ከቡሌ በላይ ባለው ኮረብታ በንጉሡ ጊዜ ገባሮች በመሬት ጌቶች ላይ ተነሥተው ተዋግተውበታል። ጦርና ቆንጨራ ይዘው ጠመንጃ ገጠሙ፤ አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ወታደሮቹን በስውር መንገድ መርቶ ከኋላቸው ያወጣባቸው የአገሩ ሰው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ማን እንደሆነ ግን ስልሳ አምስት ዓመት ሙሉ ጮክ ብሎ የተናገረ የለም።

መምህር ዳምጠው በዚያ ቀን ሊናገሩ ነበር። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ግማሹን ዲላ ፊደል ያስቆጠሩ እሳቸው ናቸው። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት «ሀ» ብዬ የጀመርኩት በእሳቸው እጅ ነው።

ሚኒባሷ ውስጥ ስድስት ነበርን። እኔ፣ ቤቴልና መምህሩ፤ ሹፌሩ ደመላሽ፤ በዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራው ፍሬዘር፤ ከአዲስ አበባ የመጣችው እሌኒ። የእሌኒ አያት በዚያ ኮረብታ ላይ ከነበሩት የመሬት ጌቶች አንዱ ነበሩ።

«እትዬ እታገኝ» አለ ደመላሽ በጭቃው ላይ መሪውን እየጠመዘዘ፣ «የኔና የእሌኒ ምሳ ከነዚህ ሰዎች ቅቤ ጋር ተቃቅፎ ከመጣ መኪናዋን እዚሁ ነው የማቆማት!»

«ለየብቻ ነው አንተ! ሁሉም በኮባ የተጠቀለለ ነው። የፍስኩ አንድ ቃጫ፣ የጾሙ ሁለት ቃጫ። ባለ ሁለት ማሰሪያ ሁለት ብቻ ነው ያለው፤ ያንተና የሷ።»

«ስንት ሰዓት ነው የምንበላው?» አለች እሌኒ።

«እኔና አንቺ ዘጠኝ ሰዓት» አላት ደመላሽ። «እነዚህ ጴንጤዎች ስድስት ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። እኛ እያየን እንጸድቃለን።»

ሁላችንም ሳቅን። መምህሩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ደብተር መታ መታ አደረጉ።

«ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሶንጎው ሲቀመጥ፣ የዚያን ሰው ስም እጠራለሁ።»

ፍሬዘር ከወንበሩ ወደ እሳቸው ተጠጋ።

«ጋሼ፣ ለኔ ቀድመው ሹክ ቢሉኝ?» አለ ፍሬዘር። «ለጥናቴ እኮ ነው። ማንም አይሰማም።»

«ለሶንጎ የተያዘ ቃል መጀመሪያ የሚሰማው ሶንጎ ላይ ነው። መንገድ ላይ ከተነገረ ሐሜት ይሆናል።»

«የአያቴም ስም ይነሳል?» አለች እሌኒ ቀስ ብላ።

«የአያትሽ ስምማ ድሮም ይታወቃል፣ ልጄ።»

እኔ ግን የቤቴል አንገት ላይ ያለው ሥር ሲመታ አየሁ። እናት ነኝ፤ ስትቆጣ የሚመታው የት እንደሆነ አውቃለሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ አማኑ ግቢ ደረስን። ከጾመኞቹ በስተቀር አማኑን ጨምረን አምስት ሰዎች በላን። ሳህን ላጥብ ወደ ጓሮ ስዞር ቤቴልና መምህሩ ከግድግዳው ማዶ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«በሞቴ ይተዉት፣ ጋሼ። ስም ሲጠራ እኮ ልጅ አለ፣ የልጅ ልጅ አለ። እኔና እማ በሰው ቂም ቤታችንን ጥለን ስድስት ወር ትምህርት ቤት ወለል ላይ ተኝተናል። ለእርስዎ ይሄ ታሪክ ነው።»

«ለኔም ታሪክ አይደለም። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«እንግዲያው በማንኛውም መንገድ አስቆምዎታለሁ!»

ቤቴል እንዲህ ያለ ድምፅ አላት ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ተበታተንን። መምህሩ «ለብቻዬ ላስብበት» ብለው ወደ ዳገቱ ወጡ። ቤቴል «ኔትወርክ ልፈልግ» ብላ ወደዚያው ወጣች። እሌኒ ካሜራዋን ይዛ ወደ ድንጋዮቹ ሄደች። ደመላሽ ምሳውን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶ «ልተኛ» አለና ወደ መኪናው ወረደ። ፍሬዘር ቤት ውስጥ ቀረ። እኔና የአማኑ ሚስት ሳህን ማጠቡን ቀጠልን፤ አምስቱን ኮባ ለላሚቱ ሰጠኋት።

ዝናቡ ሲጀምር እሌኒ እየሮጠች ገባች። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁላችንም እያየናት ባለ ሁለት ማሰሪያውን ፈታች፤ በልታ ስትጨርስ ኮባውን ራሷ ለላሚቱ አጎረሰቻት። ቤቴል አልተመለሰችም። መምህሩም አልተመለሱም። ዝናቡ ስላባራ ጋቢያቸውን ይዤ ወጣሁ።

ከእርከኑ ሥር አገኘኋቸው። ፊታቸው ላይ ኮባ ተደርጎ ነበር፤ ንፋስ እንዳይወስደው ጫፉ ላይ ጠጠር ተቀምጧል። ኮባውን ሳየው አወቅሁት። እሳት ላይ ያለዘብኩት፣ አከርካሪውን በቢላዬ የላጥኩት፣ የኔ ሥራ ነው። ከግድግዳው ማዶ የሰማሁት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ኮባውን አነሣሁ፤ አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። የጮኽኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቤቴል ከላይ እየሮጠች ስትወርድ ከእግር እስከ ራሷ በስብሳ ነበር።

ኢንስፔክተር አትጠገብ ለሌላ ጉዳይ ቡሌ ስለነበረች አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። አጭር ናት፤ ቦት ጫማ አድርጋለች፤ ስትናገር አትቸኩልም። አማኑ ግቢ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና አንድ በአንድ ጠራቻቸው። እኔን የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠችኝ። እንድሰማ ፈልጋ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ፍሬዘር መጣ።

«የመምህሩ ደብተር ኪሳቸው ውስጥ የለም። የት ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ምሳ ላይ እጃቸውን ሲታጠቡ ኮታቸውን ማን ያዘላቸው?»

ፍሬዘር ተንተባተበ። «እኔ… ያዝኩላቸው።»

«ጫማህ ደረቅ ነው፤ ሱሪህ ላይ ጭቃ የለም። ከቤት አልወጣህም። ከግድያው ነፃ ነህ። ደብተሩን ግን እኔ ሳልፈትሽ አንተ ብታመጣው ይሻልሃል።»

እሌኒ ቀጠለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አያትሽ እንዳይነሡ ነው የመጣሽው ወይስ እንዲነሡ?»

«እንዲነሡ። ቤታችን ውስጥ እንደ መልአክ ነው የሚወሩት። እውነቱን ከሌላ ሰው አፍ መስማት ፈለግሁ።»

«ከሰባት ተኩል እስከ ስምንት?»

«ድንጋዮቹን ፎቶ ሳነሣ ነበር። ካሜራዬን ይዩት፤ ሰዓቱ አብሮ አለ።»

ኢንስፔክተሯ አየችውና መለሰችላት። ከዚያ ተነሥታ በግቢው ውስጥ መዞር ጀመረች። ከላሚቱ እግር ሥር ጎንበስ ብላ የወዳደቁ ቃጫዎችን ለቀመች። በመዳፏ ይዛ ቆጠረቻቸው፤ አንዴ ወደ ላሚቱ፣ አንዴ ወደኔ አየች። ኪሷ ውስጥ ከተተቻቸውና ደመላሽን ጠራችው።

«ከመኪናዬ አልወረድኩም» አለ ደመላሽ። «ዝናቡን የሰማሁት በእንቅልፍ ልቤ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምሳዬን በላሁ።» ወደኔ ዞረ። «እትዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ጎመኑ ማር ነው።»

«ኮባውን የት ጣልከው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ኮባውን? በመስኮት። የአማኑ ላም ካገኘችው ብዬ።»

«ደግ ሰው ነህ። ሂድ ተቀመጥ።»

በመጨረሻ ቤቴል ቀረበች። ብርድ ያንዘፈዝፋታል።

«የት ነበርሽ?»

«ላይ። ስልክ ላይ።»

«ከማን ጋር?»

ልጄ ወደኔ ዞር አለች፤ ወዲያው ዓይኗን ሰበረች። «አልናገርም።»

«አንቺና እሳቸው ምሳ ላይ ተጣልታችኋል። ‹በማንኛውም መንገድ አስቆምዎታለሁ› ስትዪ አማኑ ሰምቷል። ከዚያ እሳቸው በወጡበት ዳገት ወጣሽ። አንድ ሰዓት ተኩል ጠፋሽ። አሁን ደግሞ ከማን ጋር እንዳወራሽ አልናገርም ትያለሽ። በኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እኔኑ አስር ነበር።»

«እኔም እንደዚያ ነው የማስበው።»

ፖሊሱ ክንዷን ይዞ ወደ መኪናቸው ሲወስዳት ደፉ ላይ ሆኜ አየሁ። ቤቴል አንድ ናት። አባቷ ከሞተ ጀምሮ በአንድ አልጋ ነው የምንተኛው። ስታስል የምነቃ እኔ ነኝ። ቅጠሉን ካወጣሁ ልጄ መሄዷ ነው፤ ካላወጣሁም ይኸው እየሄደች ነው።

ኢንስፔክተሯ መጥታ ደፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ወገብዎን ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

«ከመጣሁ ጀምሮ አንዴም አላጎነበሱም። ጋቢውን እንኳ ከመሬት ሲያነሡ በጉልበትዎ ወርደው ነው። ደረትዎ ውስጥ የሚሰበር ነገር ይዘዋል?»

ሹራቤ ላይ የኮባው ውሃ እንደ ጡት ወተት ወጥቶ ነበር። አወጣሁትና ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አልኩ። «ልጄን ልቀቋት። እኔ ነኝ።»

«በስንት ሰዓት?»

«ከስምንት በፊት።»

«ከአማኑ ሚስት ጋር ሳህን እያጠቡ? እጅዎ ረጅም ነው፣ እትዬ።»

አልሳቀችም። ኮባውን ዘረጋችው፤ ወደ ብርሃን አነሣችው፤ ውስጡን በጣቷ ጠርጋ አሸተተችው። ከዚያ ጣቷን ወደ አፍንጫዬ አቀረበችው።

«ምን ይሸታል?»

«ነጭ ሽንኩርት። ዘይት።» አሸተትኩ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም።

«ልጅዎ ትጾማለች?»

«ኧረ እኛ ጴንጤ ነን።»

ኢንስፔክተር አትጠገብ ተነሣችና ሱሪዋን አራገፈች።

«ይህን ቅጠል የደበቁት ልጅዎን ሊያድኑ ነበር። ትንሽ ቢቆዩ ግን ሊያስፈርዱባት ነበር። ይነሡ። ሁላችንም ወደ ሶንጎው እንሂድ።»

ሽማግሌዎቹ ለአሥር ሰዓት ተቀጥረው ከመጡ ቆይተዋል። ከዛፉ ሥር በድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የመምህሩን ሞት ሰምተዋል። እኛ በአንድ በኩል ተደረደርን። ቤቴልን ከመኪናው አውርደው አመጧት። ፀሐይ ከደመናው ሥር ወጥታ የእንሰቱን ቅጠል ሁሉ ታበራለች።

ኢንስፔክተሯ መሀል ገባች። ሽማግሌዎቹን እጅ ነሣችና ጀመረች።

«መምህር ዳምጠው ከስምንት ሰዓት በፊት ከእርከኑ ተገፍተው ወደቁ። ከሥራቸው ያለው አፈር ደረቅ ነው፤ ሰዓቱን ያወቅሁት በዚህ ነው። ጭንቅላታቸው ድንጋይ ላይ አርፏል። ከላይ ያለው አፈር ላይ የሁለት ሰው እግር ተንሸራቷል፤ ስለዚህ አዳልጧቸው አይደለም። ገፊው ሸሽቶ አልሄደም። ፊታቸውን በዚህ ኮባ ሸፈነ፤ ጠጠርም ጫነበት።»

ኮባውን ከፍ አድርጋ አሳየች።

«ዛሬ ጠዋት እትዬ እታገኝ ሰባት ምሳ ጠቅልለው መጡ። አምስቱ በአንድ ቃጫ፣ ሁለቱ በሁለት ቃጫ የታሰሩ መሆናቸውን እሌኒ ነግራኛለች። አማኑ ግቢ ላሚቱ ቅጠሉን በላች እንጂ ቃጫውን አልበላችም። ሰባት ቃጫ ለቀምኩ። አምስቱ ከአምስቱ የፍስክ ምሳ ናቸው። ሁለቱ እሌኒ በሦስት ሰው ፊት የፈታችው ምሳ ናቸው። አንድ ምሳ ከነማሰሪያው ጎደለኝ።»

«ያ የማን ነው?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«እዚህ ቅጠል ላይ ይዩ፣ አባቴ። ሁለት የእጥፋት መስመር አለ፤ ሁለት ማሰሪያ የነበረው ነው። ቅቤ አይሸትም። የጾም ምሳ ነው። ቤቴል አትጾምም፤ የበላችበትን ኮባ እናቷ ለላሚቱ ሰጥታለች። ፍሬዘርም እንደዚያው። ጾመኞች ሁለት ናቸው። የአንዷ ኮባ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላሚቱ ሆድ ገብቷል። ይህኛው ግን ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ የሞተ ሰው ፊት ላይ ነበር።»

ሁሉም ወደ ደመላሽ ዞረ።

«ደመላሽ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈትቼ በላሁ ብለሃል። በዘጠኝ ሰዓት የምትፈታው ኮባ በስምንት ሰዓት እርከን ላይ ምን ይሠራል?»

«ሰው ሰርቆኝ ይሆናል» አለ ደመላሽ። ድምፁ የሱ አልነበረም።

«ሰርቆህ ከሆነ ምኑን በላህ? ጎመኑ ማር ነው ያልክ አንተ ነህ። ከመኪናህ አጠገብ አንድም ኮባ የለም። ከወንበርህ ሥር፣ የመኪናውን ወረቀት በኪስህ በምትይዝበት ፌስታል ውስጥ፣ ፖሊሶቼ ቆጮና ጎመን አግኝተዋል። አልተነካም። ቅጠሉን ስትፈልገው ምግቡን ፌስታል ውስጥ ገለበጥከው። የጾም ሰዓት ስለነበር አልበላህም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ አልወረደልህም።»

ደመላሽ ቁጭ አለ። ማንም ቁጭ በል አላለውም።

«መግደል አላሰብኩም» አለ መሬት መሬት እያየ። «አባቴ ሊሞት ሲል ‹መንገዱን ያሳየው አባቴ ነው› አለኝ። ከዚያ በላይ ትንፋሽ አልነበረውም። ልጄ ከፋሲካ በኋላ ታገባለች፤ የምታገባው ከአሥራ አንዱ የአንዱን የልጅ ልጅ ነው። የመምህሩ እግር ላይ ወደቅሁ። ‹ሠርጉ ይለፍ› አልኳቸው። ‹ሶንጎ ላይ ትሰማዋለህ› አሉኝ። ‹አሁን ይንገሩኝ፣ ምን ሊሉ ነው?› አልኩ። ‹አሁን አይነገርም› አሉ። ክንዳቸውን ያዝኩ። ተመነጨቁ። ገፋሁ።»

«ኮባውስ?» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ደመናው ጠቁሮ መጣ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ለፊታቸው ሌላ የማለብሰው አልነበረኝም።»

ያኔ ፍሬዘር ከመሀላችን ወጣ። ከጃኬቱ ውስጥ ደብተሩን አወጣ። አንገቱን ደፍቷል።

«ሰርቄዋለሁ» አለ። «ከሁሉም ቀድሜ ላነበው ነበር። ግን ጽሑፋቸው በእርሳስ ነው፤ ተጠላልፏል፤ አቃተኝ።»

ኢንስፔክተሯ ገልጣ ሞከረችና ተወችው። እኔ ገጹን ከትከሻዋ በላይ አየሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ደብተሬ ላይ ሲጽፉልኝና ስገለብጥ የኖርኩት ጽሑፍ ነው።

«እኔ አነበዋለሁ» አልኩ።

ጣቴን በየፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ጀመርኩ። ዝግ ብዬ ነው የማነበው፤ ማንም አላቻኮለኝም።

«‹ወታደሮቹን የመራው ሰው ስሙ ገመዱ ነው። ጌቶቹ ሰውየውን የያዙት በልጁ ነው። ልጁን በገመድ አስረው ከፊት አስቀደሙት። መንገዱ ከጠፋን የመጀመሪያው ጥይት የልጅህ ነው አሉት። ልጁ የጨዋታ ጓደኛዬ ነበር፤ በበራችን ሲያልፉ አየሁት። አየኝ፤ አላለቀሰም። ስልሳ አምስት ዓመት ሰውየውን የረገምነው ስለማናውቅ ነው። ስሙን የምጠራው እንድንምረው ነው። የልጅ ልጆቹ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ዳገት ቀና ብለው ይሂዱ።›»

ገመዱ የተባለው ሰው የደመላሽ አያት ነው። የታሰረው ልጅ አባቱ ነው።

ደመላሽ አላለቀሰም፤ አልጮኸም። እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነሡ፤ ከሟቾቹ የአንዱ ልጅ ናቸው። መጥተው ከፊቱ ቆሙ። «ትንሽ ብትታገሥ ኖሮ» አሉት። ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ።

ፖሊሶቹ ደመላሽን ሲወስዱት ቤቴል ወደኔ መጣች። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ። አልገባችም።

«እማ፣ ስልክ የደወልኩት ሐዋሳ ነው። ሥራ ተሰጥቶኛል። እንዴት እንደምነግርሽ ሳስብ ነው ዝናቡ የያዘኝ። እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልነግርሽ አልፈለግሁም።»

«ደግ አደረግሽ፣ ልጄ። ደግ…»

«ቆይ እማ። ቅጠሉን ስታዪ መጀመሪያ የመጣብሽ የኔ ስም ነው?»

ያን ቀን ብዙ ዋሽቼ ነበር። ደክሞኝ ነበር።

«አዎ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ እንደ ተስማማ ሰው። ከዚያ እሌኒን ደግፋ በጭቃው ወደ መኪናው ወረደች። አንድ ፖሊስ እየነዳልን ወደ ዲላ ስንመለስ ከፊት ወንበር ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ፣ ከባዶው የምሳ ቅርጫት ጋር።

ማስረጃ መደበቄ በወረቀት ተጻፈ፤ ፈረምኩበት። ኢንስፔክተሯ ልጄን ለማዳን ብዬ መሆኑን ከታች ጨመረችበት፤ ዐቃቤ ሕጉ በማስጠንቀቂያ አለፈኝ። ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ሶንጎ ተቀምጠው የገመዱን ስም ጠሩ፤ ይቅርም አሉ። የደመላሽ ልጅ ከፋሲካ በኋላ በተባለው ቀን አገባች፤ ሠርጉ ላይ ጭፈራ አልነበረም። ደመላሽ ማረሚያ ቤት ነው። እሌኒ አዲስ አበባ ገባች። ፍሬዘር ጥናቱን ትቶ ቡሌ ውስጥ ያስተምራል አሉ።

ቤቴል ከዚያ ዓርብ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ጠዋት በሐዋሳ መኪና ሄደች። እኔ ዲላ ቀረሁ።